አሕመድኑር የቀዳው ቅዳሜ

በአሕመድኑር ግቢ ተከራይቶ ቴሌቪዥን ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር የለኝም። ከደጎሎ ተዛውሬ መካነ ሰላም ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ቤት ሳፈላልግ ወደ እሱ ወሰዱኝ። ክፍሉን ሲያሳየኝ ስለ ውኃውም ስለ ሽንት ቤቱም ከማውራቱ በፊት በመስኮቱ ጥግ የተንጠለጠለ ጥቁር ገመድ ጎተት አደረገና፣ "እሌኒ፣ ቲቪ ካለሽ ዲሽ መግዛት አይጠበቅብሽም፤ ሁሉም እዚህ ድረስ መጥቶልሻል" አለኝ። ደስ አለኝ። ሳይነግረኝ የቀረው፣ በገመዱ ጫፍ ያለው ሪሲቨር አንድ ብቻ መሆኑን፣ ሪሞቱም ከእሱ እጅ የማይወጣ መሆኑን ነው።

ያ አንድ ሪሲቨር አምስት ቤት ይመግባል፦ የራሱን፣ የእኔን፣ ግድግዳ የምንጋራቸውን የእትዬ ቦጋለችን፣ ከአጥር ወዲያ ያሉትን ሁለት ቤቶች። እሱ የከፈተውን ቻናል አምስታችንም እናያለን። ይህም ባልከፋ፤ ችግሩ ሰውየው አንድ ቻናል ላይ አምስት ደቂቃ አለመቆየቱ ነው። የቱርኩ ድራማ ላይ ልጅቷ የእውነተኛ አባቷን ስም ልትሰማ ስትል ድንገት ኳስ ይመጣል። ከኳሱ ወደ መንዙማ፣ ከመንዙማው ደግሞ የየት አገር እንደሆነ ወደማናውቀው የግመል ገበያ እንሄዳለን። ያኔ እኔ ግድግዳ እደበድባለሁ። እትዬ ቦጋለች በራቸው ላይ ቆመው "አንተ አሕመድኑር፣ ስብከቴን መልስልኝ" ይላሉ። ሚስቱ ሱሀይላ ደግሞ ከጓዳ ሆና፣ "እናንተስ ግድግዳ አላችሁ፤ አብሬው የምኖረው እኔ ምን ልበል" ትላለች።

አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ቀጭን ነው፤ ሥጋ የሚይዝበት ጊዜ የለውም። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር፣ መካነ ሰላም ላይ ደግሞ የማይነፍስበት ቀን ጥቂት ነው፣ ጣራ ላይ ነው። ዲሹን በአንድ ጣት ገፋ፣ መለስ፣ እንደገና ገፋ ያደርጋል። ከታች ሆኜ "ጋሼ፣ እኮ ጥሩ ነበር" ብለው፣ "ጥሩ ነበር፤ የተሻለ ይኖራል" ይለኛል። ሰው ቤት ዲሽ ሊተክል ሄዶ ሻይ ቢቀርብለት ግማሹን ትቶት ይነሣል። ሶላቱን እንኳ ከሰገደ በኋላ ቁጭ ብሎ ተስቢሕ ሲያደርግ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ በበሩ ክፍተት አይቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ተፈጥሮው ነው ብዬ እስቅበት ነበር፤ በኋላ ግን መሳቁን ተውኩት።

ጅዳ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። ሥራው ያው ጣራ ላይ ዲሽ መትከል ነበር። እናቱ አልታዬ ከከተማው ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ደጋ ላይ ብቻዋን ትኖር ነበር፤ ሱፍ ትፈትላለች፣ የፈተለችውን ሸማኔ ባና የሚባለውን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ አድርጎ ይሠራዋል። በየጁምዓው ይደውልላታል፤ ኑሬ ብላ ነበር የምትጠራው። በሰባተኛው ዓመት አንድ ቀን ስልኩ ሲጮህ ስድስተኛ ፎቅ ጣራ ላይ ነበር፤ ሞተች አሉት። "ከዚያስ?" ብዬ ጠየቅኩት ሲነግረኝ። "ከዚያማ ባለቤቱ እየጠበቀኝ ነበር። ዲሹን አስተካክዬ ወረድኩ" አለኝና ተነሥቶ ሄደ። ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም።

ከዚህ በላይ የሚያሳዝነው፣ ሲመለስ የነገሩት ነው። ከመሞቷ አንድ ዓመት በፊት የቴሌቪዥን ሰዎች ስለ ባና ሥራ ሊቀርጹ ደጋ ወጥተው ነበር። አልታዬን አነጋግረዋታል። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ገበያተኛው ሁሉ አይቷታል። "እናትህን እኮ በቴሌቪዥን አየናት፤ አንተንም አንሥታሃለች" ይሉታል። ምን አለች ሲላቸው ግን አንዱ ረስቶታል፣ ሌላው ከሌላ ሰው ጋር አደባልቆታል። እሱ እጅ ላይ ያላት አንዲት የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ናት፤ ፎቶ ደግሞ አያወራም። የዚያን ሁሉ ጁምዓ ስልክ አንድም ቀን አልቀዳውም። ለምን እንዳልቀዳው ሲያስብ ራሱን ይጠላል፤ ይህን በአፉ ብሎኛል።

ከዚያ ወዲህ የማይቀዳው ነገር የለም። ሪሲቨሩ ጀርባ ፍላሽ ሰክቶ ዜናውን፣ ድራማውን፣ የበዓል ፕሮግራሙን፣ የማንንም ሠርግ የሚመስል ነገር ሁሉ ይቀዳል። ጅዳ ይጠቀምበት የነበረውን አሮጌ ራውተር ቤቱ ሰቅሎ የቀዳውን ሁሉ በእሱ ለግቢው ያካፍላል። ዳታ ተዘግቶ በነበረበት ዓመት ከተማው ሁሉ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሲቀመጥ፣ እኛ ግቢ ብቻ ኢንተርኔት የሌለው ዋይፋይ ነበረን፤ አልጋችን ላይ ተጋድመን ያመለጠንን ድራማ በስልካችን እናይ ነበር። እኔ በበኩሌ ቻናል ሲቀይርብኝ የሰደብኩትን ያኔ ይቅር ብዬዋለሁ።

የሰዓቱን ነገር ካልነገርኳችሁ የመጣው ጣጣ አይገባችሁም። ሪሲቨር ከፋብሪካው ሲወጣ የሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓት ነው። በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን እሱ ስምንት ይላል። ደንበኞቹ ይህን አልወደዱለትም። እትዬ ቦጋለች ማንበብ ባይችሉም ቁጥር ስለሚለዩ፣ "ይሄ ዕቃ ያበደ ነው" ብለውት ነበር። አሕመድኑር ዘዴ ፈለገ። ሪሲቨሩ ውስጥ አገር የሚመረጥበት ቦታ አለ፤ እዚያ ገብቶ የኢትዮጵያን ትቶ የብራዚልን ሰዓት ይሞላለታል። የብራዚል ሰዓት ከእኛ በስድስት ወደ ኋላ ስለሚቀር ልክ ከሐበሻ አቆጣጠር ጋር ይገጥማል፤ ቀን ስምንት ሰዓት ሲሆን ስምንት ይላል፣ ቀኑም የሚለወጠው ሌሊት ሳይሆን ሲነጋ ነው። በእሱ እጅ ያለፈ ሪሲቨር ሁሉ እንግዲህ ብራዚል ያለ ይመስለዋል። በዚህ ይኮራ ነበር። ለመቅዳትም የሚያመቸው በዚሁ ነው፤ ፕሮግራሙ በስምንት ሰዓት ነው ከተባለ ስምንት ብሎ ይሞላል፤ መደመር መቀነስ የለም። ጉድለቱ ምሽት ላይ ብቻ ነው፤ ከአሥራ ሁለት በኋላ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት እያለ ስለሚቆጥር ማታ ማታ የሰዓቱን ቁጥር ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ የአምስቱም ቤት ቴሌቪዥን አንድ ማስታወቂያ ላይ ቆሟል። አሕመድኑር ቻናል አልቀየረም፤ ይህ ብቻውን ያስደነግጣል። ጣቢያው የቆዩ ዝግጅቶቹን እንደገና ሊያሳይ ነው። ማስታወቂያው ውስጥ፣ ሦስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም፣ እንዝርት የሚያሾሩ የሁለት እጆች ምስል ያልፋል። ፊት የለም።

"የእናቴ እጅ ነው" አለ።

ሱሀይላ፣ "አሕመድኑር፣ እጅ እኮ ይመሳሰላል" አለችው፤ እንዳይጎዳ ብላ ነው።

"የቀኝ አውራ ጣቷን ማጭድ ቆርጧታል። አላየሽውም? ቆይ፣ ይመለሳል፣ እይው።"

ማስታወቂያው ተመለሰ። አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ አለ። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይላል ከሥሩ።

ያን ሳምንት ግቢው ውስጥ ሰላም ያገኘ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ረቡዕ ዲሹን አወረደው፣ አጠበው፣ መልሶ ሰቀለው። የገመዱን መጋጠሚያዎች ሁሉ ፈትቶ እንደገና ገጠማቸው። ፍላሹ እንዳያሳፍረው አዲስ ገዛ፤ ከዚያ አዲሱ አጠራጠረውና አሮጌውን መለሰ። ወደ ጣቢያው ስልክ ደውሎ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲያዘዋውሩት ዋለ። በመጨረሻ አንዲት ሴት የቀረጻው ቅጂ እንዲሰጥዎት በደብዳቤ ይጠይቁ፣ መኖሩን ግን እርግጠኛ አይደለሁም አለችው። "ደብዳቤውን እጽፍልሃለሁ" አልኩት። "ቅዳሜ እቀዳው የለ እንዴ" አለኝ። ሐሙስ ማታ ሱሀይላ በሬን አንኳኩታ፣ "እባክሽ አንድ ነገር በይው፤ እኔንም ሊያሳብደኝ ነው" አለችኝ። ምን ልለው እችላለሁ? እኔም እንቅልፍ አጥቼ ነበር። የሰው ጭንቀት በግድግዳ ያልፋል።

ዐርብ ከሰዓት ያደረገውን ግን ባላደረገ። አንድ ረጅም ነገር ሲቀዳ ሪሲቨሩ መሃል ላይ ይቆርጥበት ነበር፤ አዲስ ሶፍትዌር ቢጫንበት ይስተካከላል ተብሏል። ሱሀይላ "ደህና የሚሠራ ዕቃ አትነካካ" ብላው ነበር። አልሰማትም፤ ጫነው። ሪሲቨሩ ተነሣ፣ ቻናሎቹ ሁሉ ጠፍተዋል፤ እንደገና ፈልጎ አስገባቸው። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ብሎ ሞላ። አንድ ደቂቃ ቀድቶ ሞከረው፣ አሪፍ ነው። መሽቶ ነበርና ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ማንም አላየውም። አዲሱ ሶፍትዌር ሪሲቨሩን ከብራዚል ወደ አገሩ መልሶት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሳጥብ እትዬ ቦጋለች ከቤታቸው ወጡ። "ይሄ ልጅ ዛሬም ጀመረው። ስብከት እያየሁ ራሱ ቀየረብኝ፤ ጥርስ መፋቂያ ያሳየኛል" አሉኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። "ዛሬ ይታገሡት፤ የእናቱ ቀን ነው" አልኳቸው። አሕመድኑር በዚያ ሰዓት ቤት አልነበረም። መብራት ቢጠፋስ ብሎ መናኸሪያ ሄዶ የሚኒባስ ባትሪ ሊለምን ወጥቶ ነበር። ቻናሉን የቀየረው እሱ አለመሆኑ ለአንዳችንም ትዝ አላለን፤ ቆይቶ ሥዕሉ ሲጠፋም ለከሰዓቱ ያሳረፈው መሰለን። እሱ ስንት ዓመት ሲቀይርብን ኖሮ፣ ያን ዕለት ሪሲቨሩ በገዛ እጁ ቢቀይር ማን ይጠረጥራል።

መብራቱ ደግሞ እንደፈራው ጠፋ። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ሱሀይላ ሽሮ እያወጣች ሳለ ቤቱ ጨለም አለ፤ ከላይኛው ሰፈር የሆቴሉ ጄኔሬተር ሲነሣ ተሰማ። አሕመድኑር አልደነገጠም፤ እንዲያውም ትክክል በመሆኑ ደስ ያለው መሰለኝ። ባትሪውን ጎትቶ አመጣ። ሪሲቨሩ በባትሪ ይሠራል፤ ቴሌቪዥኑ ግን በዚያች ባትሪ አይነሣም። ሽቦውን አገናኘ። ሪሲቨሩ ላይ ቀይ መብራት በራች።

"በቃ፣ ይቀዳል" አለ።

አንዱ የባትሪ መቆንጠጫ ላልቶ ነበር፤ ሲለቀው ቀዩዋ መብራት ትጠፋለች፣ ሲይዘው ትበራለች። ስለዚህ በእጁ ያዘው። አጎንብሼ አየሁት። በስልኬ ሰዓት ስምንት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር።

"ጋሼ፣ ተወው ይሄን። ሆቴሉ ጄኔሬተር አለው፣ ትልቅ ቲቪ አለው። ተነሥ፣ አብረን እንሂድና በዓይንህ እያት" አልኩት።

"መቆንጠጫውን ማን ይይዝልኛል?"

"እኔ እይዘዋለሁ።"

"አንቺ ይደክምሽና ትለቂዋለሽ። ሂዱ። እናንተ ሂዱና እዩ። እኔ በኋላ አየዋለሁ፤ ወላሂ መቶ ጊዜ አየዋለሁ።"

"አሕመድኑር" አለች ሱሀይላ። እሱ ግን አልተነሣም። እትዬ ቦጋለች ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ "አብሽር ልጄ፤ እኛ እናይልሃለን" አሉት። ሦስታችን ወጣን። እስከ ዛሬ ስለዚያ መውጣት ሳስብ ይቆጨኛል፤ እጁን ይዤ መጎተት ነበረብኝ። ሰው ሲጨነቅ ትክክል ይመስላል፤ ስለዚህ ይታዘዙታል።

ሆቴሉ ውስጥ ኳስ የሚጠብቁ ጎረምሶች ነበሩ። የእትዬ ቦጋለችን ፊት ሲያዩ ቻናሉን ቀየሩልን። ስምንት ሰዓት ላይ ጀመረ። መጀመሪያ በጎች፣ ከዚያ ሸማኔ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ የሚያሰለች የቢሮ ሰው። ከዚያ አልታዬ መጣች። ትንሽ ሴት ናት። በድንጋይ አጥር ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች፤ እጇ ሥራውን አያቋርጥም። ጋዜጠኛው ለማን እንደምትፈትል ጠየቃት፤ "ለልጄ" አለችው፣ "ዓረብ አገር ሙቀት ለምዷል፤ ሲመጣ ይበርደዋል።" ልጅዎት ይህን ያያል፣ የሚሉት ካለ ይበሉት አላት። ያኔ እንዝርቷን አቆመች። ሻሿን ወደ ፊት ሳብ አደረገች። ካሜራውን አየችው። የተናገረችው ሦስት ቃል ወይ አራት ቃል ነው፤ ሱሀይላ ጉልበቴን ጨምድዳ ያዘችው።

ስልኬ እጄ ላይ ነበር። ልቀርጸው አሰብኩ፤ ከዚያ ሪሲቨሩ እየቀዳው አይደል፣ ምን አባቴ ያደክመኛል ብዬ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እዚህ ብቻ ጻፍኩት።

ስንመለስ ያው ቦታ ተንበርክኮ አገኘነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ያን መቆንጠጫ ይዞ አልተንቀሳቀሰም። ሦስት ዓመት አብሬው በአንድ ግቢ ኖሬ ረግቶ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እጁ ደንዝዞ ሱሀይላ ናት ጣቶቹን አንድ በአንድ የፈታችለት።

"አየናት" አሉ እትዬ ቦጋለች፣ "እንዴት ያለች ሴት…"

"አይንገሩኝ" አለ። "በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አንዳችሁም አትንገሩኝ። ራሴ ልያት።"

መብራቱ አልመጣም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። እሱ ግቢውን ይዞራል፤ በር ድረስ ይሄዳል፣ የመብራት እንጨቱን ያያል፣ ይመለሳል። በሄደ በመጣ ቁጥር ሦስታችንንም ፊት ፊታችንን ያያል፤ ፊታችን ላይ የሚያነብ ይመስል። እኛ ደግሞ ዓይናችንን እንደብቃለን። ያወቁትን ነገር ለባለቤቱ ሳይናገሩ መቀመጥ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። በልቤ የአልታዬን ቃላት እንዳልረሳ እደጋግማቸው ነበር፤ በደጋገምኳቸው ቁጥር ግን ድምፁ የእኔ እየሆነ ሄደ።

አሥር ሰዓት ላይ መብራቱ መጣ። በአምስታችንም ቤት ያሉት ቴሌቪዥኖች በአንድ ጊዜ ተነሡ። ሁላችንም እሱ ቤት ገባን። የተቀዳውን ዝርዝር ከፈተ፤ አንድ አለ፣ አርባ አምስት ደቂቃ። "አያችሁ? አርባ አምስት" አለ፤ ሳቀ። ነካው።

የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ መጣ። ቀጥሎ አንዲት ልጅ ለሕፃናት ተረት ታወራለች። ወደ ፊት አሳለፈው፤ ልጅቷ ትጨፍራለች። ደግሞ አሳለፈው፤ የጠዋት ዜና። እስከ መጨረሻው አሳለፈው። መጀመሪያው ላይ መልሶ ሞከረው፤ ያው የጥርስ ሳሙና። ያኔ እትዬ ቦጋለች "ይሄ እኮ ጠዋት ያየሁት ነው" አሉ፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት።

አሕመድኑር የስክሪኑን ጥግ አየ። አሥራ ስድስት ሰዓት ከአምስት ይላል። በመስኮት ፀሐይዋን አየ። ሪሞቱን አልጋው ላይ አስቀመጠው። ማብራሪያ አላስፈለገውም፤ እኛም በኋላ ነው የገባን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ እሱ ባትሪ ሲለምን፣ ሪሲቨሩ በፈረንጅ ስምንት ሥራውን ጨርሶ ተኝቶ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ በእጁ የያዘው የተኛ ዕቃ ነበር። ያ ዕቃ ሲቀዳም ቀይ ያበራል፣ ሲተኛም ቀይ ያበራል።

አልጮኸም። ዕቃ አልሰበረም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ። እኔ አለቀስኩ፤ ሱሀይላ ግን አላለቀሰችም፤ አጠገቡ ተቀመጠች።

ብዙ ቆይቶ፣ "እሺ፣ ንገሩኝ" አለ።

ተሻማን። እኔ በጎቹን ጀመርኩ፤ በጎቹን ተዪ አለኝ። ሱሀይላ ሻሿ ውኃ ሰማያዊ ነበር አለች፤ እትዬ ቦጋለች አረንጓዴ ነው አሉ። እኔ የማስታውሰው እጇን ብቻ ነው። ስለሚፈተለው ነገር ስንነግረው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ልጄ ይበርደዋል ማለቷን ስንነግረው ከንፈሩን ነከሰ።

"ለእኔ ምን አለች?"

ያ ነገር እንዴት ይነገራል። ሱሀይላ ናት የተናገረችው፤ "ኑሬ፣ አትቸኩል፣ አለሁ አለችህ።"

"እጠብቅሃለሁ መሰለኝ ያለችው" አልኩ እኔ።

"አይደለም፤ አለሁ ነው" አሉ እትዬ ቦጋለች። "በደንብ ሰምቻለሁ። እንዲህ ነው ያለችው…" አሉና ነጠላቸውን እንደ ሻሽ ወደ ፊት ሳብ አድርገው፣ አልታዬን በሕይወት አይተዋት የማያውቁት ሴትዮ፣ በራሳቸው ወፍራም ድምፅ "ኑሬ፣ አትቸኩል፣ አለሁ" አሉ።

አሕመድኑር ራሱን ነቀነቀ።

"እንዲያ አትልም።"

"እንዴት ነው ታዲያ?"

"ስትጠራኝ አትጮህም። መጀመሪያውን ትጎትተዋለች፣ መጨረሻውን ትውጠዋለች። አትቸኩል ስትል ደግሞ እንደመቆጣት ይላታል። እንደዚህ" አለና፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ኑሬ፣ አትቸኩል፣ አለሁ" አለ።

ከዚያ አፉን በእጁ ያዘ። ሱሀይላ ቀና ብላ አየችኝ። ሆቴሉ ውስጥ የሰማነው ድምፅ ያው ነበር።